ካሣ ኃይሉ የትኛው?

(ደሴ ከተማ ለተሰበሰቡ ወጣት አንባቢዎች፣ መምህራንና ነዋሪዎች ከተደረገ ንግግር የተወሰደ፤ እንደተነገረው ቀርቧል።)

የተከበራችሁ አባቶቼና እናቶቼ፣ የሥራ ባልደረቦቼ መምህራን፣ ልጆቼ፣ እንደምን አመሻችሁ! አሰላሙ አለይኩም! የጦሳ ጭጋግ እስከ ፒያሳ ወርዶ ባለበት በዚህ ብርድ ቤታችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ከኋላ የቆማችሁ ልጆች፣ እዚህ ፊት ለፊት ወንበር አለ። ኑ፣ ተቀመጡ። አብሽሩ፣ ጥያቄ አልጠይቃችሁም። እሺ፣ አንድ ብቻ እጠይቃለሁ፤ እሱም ኋላ ነው።

አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርእስ «በአንድ የአባት ስም የሚጠሩ ታዋቂ ሰዎች» የሚል ነው። ርእሱን ስሰማ ደስ አለኝ። ለምን ደስ አለኝ? ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ከስም ጋር ስለሆነ ነው። በመምህርነት ዘመኔ ጠዋት ጠዋት ስም እጠራ ነበር፤ ኋላም በትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ተመድቤ የተማሪ ስም ስጽፍ፣ ስፈልግና ሳመሳክር ኖርኩ። ስም ቀላል ነገር አይደለም። ሰው ሞቶ የሚቀረው ስሙ ነው፤ ስሙ ከሌላ ሰው ስም ጋር ከተቀላቀለ ደግሞ ሥራውም አብሮ ይቀላቀላል። ዛሬ የምነግራችሁ ሁሉ ከዚህ የሚመጣ ነው።

ንግግሬን በሦስት ከፍያለሁ። መጀመሪያ በቀለ ስለሚባል የአባት ስም እናገራለሁ። ቀጥዬ ካሣ ስለሚባለው፤ እዚያ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፣ ምክንያቱም የእኛው የወሎ ምድር ታሪክ አለበት። በመጨረሻ የአባት ስም ምን እንደሚደብቅብን አንሥቼ ከእናንተ አንድ ነገር እለምናለሁ።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። በፈረንጅ አገር የቤተሰብ ስም የሚባል አለ። ከአያት ወደ አባት፣ ከአባት ወደ ልጅ ሳይለወጥ ይወርዳል። ስሙን ስትሰሙ የየትኛው ቤት ሰው እንደሆነ ትገምታላችሁ። እኛ ዘንድ ሁለተኛው ስም የአንድ ሰው የራሱ ስም ነው፤ የአባት። ልጅ ሲወለድ የአያቱ ስም አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይሄዳል። የልጅ ልጅ ሲወለድ ከወረቀቱ ይወጣል። ስለዚህ በአገራችን ሁለት ሰዎች አንድ የአባት ስም ቢኖራቸው አባቶቻቸው ስመ ሞክሼ ናቸው ማለት ብቻ ሊሆን ይችላል። ወንድማማቾችም ሊሆኑ ይችላሉ። ከስሙ ብቻ አይታወቅም።

እንግዲህ ወደ በቀለ እንሂድ።

ቀነኒሳ በቀለን የማያውቅ እዚህ አለ? የለም። በአቴንስ ኦሊምፒክ የ10,000 ሜትር ወርቅ፣ በቤጂንግ የ5,000 እና የ10,000 ሜትር ሁለቱንም ወርቅ። በዓለም አገር አቋራጭ በአዋቂዎች ውድድር 11 ጊዜ በግል አሸናፊ። የ5,000 ሜትር ክብረ ወሰኑ 12 ደቂቃ ከ37 ሰከንድ፣ የ10,000 ሜትሩ 26 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ ነበር፤ ሁለቱም ከ15 ዓመት በላይ ሳይደፈሩ ቆይተዋል። የበቆጂ ልጅ ነው።

ታሪኩ በቀለስ? ታሪኩ የቀነኒሳ ታናሽ ወንድም ነው፤ የአንድ እናትና የአንድ አባት ልጆች። አሁን ወደ ለንደን ልውሰዳችሁ፣ ወደ 2012ቱ ኦሊምፒክ በፈረንጆቹ አቆጣጠር። የ10,000 ሜትር ፍጻሜ። ሞ ፋራህ ወርቅ፣ አሜሪካዊው ጌለን ራፕ ብር። ነሐሱን ማን ወሰደ? ታሪኩ በቀለ! አራተኛ ማን ገባ? ቀነኒሳ በቀለ! ዓለም ታላቁን ሲያከብር እያየ የኖረ ታናሽ ወንድም፣ በዚያ ምሽት ከታላቁ ቀድሞ ገባ። በፈረንጅ ልማድ ይህ ሲጻፍ «በቀለ ሦስተኛ፣ በቀለ አራተኛ» ይሆናል። ልጆቼ፣ ይህ አጻጻፍ ሁልጊዜ ይከነክነኛል። የሮጡት ቀነኒሳና ታሪኩ ናቸው። አባት ይመስገኑ፣ ይከበሩ፤ የሮጠው ግን ልጅ ነው። በራሱ ስም ይጠራ! ታሪኩ ይባል፣ ታሪኩ! ያን ነሐስ ከወንድሙ ዝና ሥር መቅበር ግፍ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ሙዚቃ። አንድ ጊዜ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚኒባስ ስወርድ፣ ሐረጎ ላይ መኪናው ከከባድ መኪና ኋላ ሆኖ ቀስ እያለ ይጠማዘዛል። ሬዲዮው የብዙነሽ በቀለን ድምፅ አሰማ። ያ ድምፅ ሲመጣ ሰው ሁሉ ዝም ይላል፤ እኛም ዝም አልን። ዘፈኑ ሲያልቅ ከፊት የተቀመጡ አንድ አባት «እህቷ ሂሩትም እንዲህ ነበረች» አሉ። ከኋላዬ የነበረች ነጋዴ «የምን እህት? እህት አይደሉም» አለች። እሳቸው «ሁለቱም የበቀለ ልጆች አይደሉም እንዴ?» አሉ። ክርክሩ ተጀመረ! ሾፌሩ ገባበት፣ ረዳቱ ገባበት፣ ቦርከና እስክንደርስ ድረስ አላበቃም። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞሩ፤ መምህር መሆኔን ከተሳፋሪዎቹ አንዱ ያውቅ ነበርና።

ያልኳቸውን ለእናንተም እነግራችኋለሁ። ብዙነሽ በቀለ የክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ድምፃዊት ነበረች። ሂሩት በቀለ የፖሊስ ኦርኬስትራ። ሁለት ቤት፣ ሁለት የሙዚቃ ጓድ፤ በዚያ ዘመን ደግሞ እነዚህ ጓዶች የሚፎካከሩ ነበሩ። ብዙነሽ በ1980ዎቹ መጀመሪያ አረፈች። ሂሩት ከዚያ በኋላ ረጅም ዘመን ኖራ፣ ዓለማዊውን ዘፈን ትታ መዝሙር ዘምራ፣ በ2015 ዓ.ም. አረፈች። ሁለት ታላላቅ ሴቶች፣ ሁለት የተለያየ ሕይወት። ያ የሚኒባስ ክርክር ግን አንድ ነገር አሳየኝ፤ የአባት ስም አንድ ሲሆን ሕዝብ በፍቅር ዘመድ ያደርጋቸዋል። ፍቅሩ መልካም ነው። ታሪክ ሲጻፍ ግን ፍቅር ብቻ አይበቃም።

ነገሩ እዚህ አያቆምም። በሩጫው ዓለም ሌላ ብዙነሽ በቀለ አለች! በፈረንጆቹ 2009 የዱባይን ማራቶን ያሸነፈችው አትሌት። ስሟም ብዙነሽ፣ የአባቷም ስም በቀለ። ዛሬ አንድ ተማሪ ኮምፒውተር ላይ «ብዙነሽ በቀለ» ብሎ ቢፈልግ ድምፃዊቷና አትሌቷ ተደባልቀው ይመጡለታል። ፎቶግራፉ የአንዷ፣ ጽሑፉ የሌላዋ ቢሆን ልጁ በምን ያውቃል?

በቀለዎች ብዙ ናቸው፣ ሁሉንም አልዘረዝርም። እግር ኳስ የምትወዱ ሽመልስ በቀለን ታውቁታላችሁ፤ ብሔራዊ ቡድናችን ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ በተመለሰ ጊዜ ደቡብ አፍሪካ የሄደው፣ በግብፅ ሊግም ለዓመታት የተጫወተው። የሕግ ባለሙያው ዳንኤል በቀለ ከ2011 እስከ 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ዋና ኮሚሽነር ነበሩ። ሯጭ፣ ዘፋኝ፣ ኳስ ተጫዋች፣ የሕግ ሰው። ከሁለቱ ወንድማማቾች በስተቀር አንዳቸውን ከሌላው የሚያገናኝ አባት የለም፤ ያለው የስም መመሳሰል ብቻ ነው።

ወደ ሁለተኛው ልለፍ። ቃል የገባሁትን ጥያቄ አሁን ልጠይቅ። ካሣ ኃይሉ ማን ነው? እስቲ እጃችሁን አውጡ።

አዎ፣ አንቺ ልጄ። ዐፄ ቴዎድሮስ። ትክክል ነሽ። አንተስ? ልዑል ራስ ካሣ። አንተም ትክክል ነህ! ሁለታችሁም ትክክል ናችሁ፤ ሁለታችሁም ግን የምታወሩት ስለተለያየ ሰው ነው። አያችሁ? በአንድ አዳራሽ ውስጥ፣ በአንድ ጥያቄ፣ ሁለት ሰው ወጣ።

የመጀመሪያው ካሣ ኃይሉ የቋራው ነው። በዙፋን ስማቸው ዐፄ ቴዎድሮስ ተባሉ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. እጄን ለጠላት አልሰጥም ብለው ራሳቸውን የሠዉት የት ነው? መቅደላ ላይ ነው። መቅደላ የማን ምድር ነው? የእኛ፣ የወሎ።

ሁለተኛው ካሣ ኃይሉ ልዑል ራስ ካሣ ናቸው። በጣሊያን ወረራ ጊዜ በሰሜኑ ግንባር ከታላላቆቹ አዛዦች አንዱ የነበሩት። የአባታቸው ወገን ከየት ነው? ከላስታ ነው! አባታቸው ደጃዝማች ኃይሉ የላስታ ባላባት ነበሩ። እንግዲህ አንዱ ካሣ ኃይሉ በወሎ ምድር አረፈ፣ የሌላው ካሣ ኃይሉ የአባት ሐረግ ከወሎ ምድር ይመዘዛል።

ሁለቱን በምን እንለያቸው? በማዕረግ? ማዕረግ ይለወጣል። በዘመን? ዘመኑን ያላወቀ ሰው ይሳሳታል። በአያት ነው የምንለያቸው! የቋራው ካሣ ኃይሉ ወልደ ጊዮርጊስ ነው። የላስታው ካሣ ኃይሉ ወልደ ኪሮስ ነው። አንድ ስም ብቻ ጨመርን፤ ሁለቱ ሰዎች በየመንገዳቸው ሄዱ። አንድ ስም ብቻ!

እዚህ ላይ ሦስተኛ ካሣ እንጨምር፤ ካሣ ምርጫ። እሳቸውስ ማን ናቸው? ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ። በ1870 ዓ.ም. ከዚህ ከደሴ አፍንጫ ሥር፣ ቦሩ ሜዳ ላይ ታላቁን የሃይማኖት ጉባኤ የጠሩት። ቦሩ ሜዳን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ሆስፒታሉን እንጂ ጉባኤውን የሚያስታውስ ግን እየቀነሰ ነው። መምህራን፣ ልጆቹን ይዛችሁ ሂዱ። መሬቱን ይርገጡት። ታሪክ በእግር ሲረገጥ ይጠናል።

አሁን ካሣ የአባት ስም ሲሆን እንይ። ልዑል ራስ ካሣ ወንዶች ልጆች ነበሯቸው፤ ወንድወሰን ካሣ፣ አበራ ካሣ፣ አስፋወሰን ካሣ፣ አሥራተ ካሣ። ጠላት አዲስ አበባን ከያዘ፣ ንጉሠ ነገሥቱና ራስ ካሣም ከተሰደዱ በኋላ ሦስቱ ልጆች በአገር ቤት ቀርተው ተዋጉ። ወንድወሰን ካሣ በላስታ በኩል ሲዋጉ ተይዘው ተገደሉ። አበራና አስፋወሰን ሰላሌ ፍቼ ላይ፣ እጃችሁን ብትሰጡ አትነኩም የሚል ቃል ተሰጥቷቸው ከገቡ በኋላ ተገደሉ። ይህ ሁሉ የሆነው በ1929 ዓ.ም. ነው። በስደት ላይ ያለ አባት በአንድ ዓመት ውስጥ የሦስት ልጆቹን መርዶ ሰማ! ይህን ባሰብኩ ቁጥር የእነዚያን ወጣቶች ስም አንድ በአንድ መጥራት ያሰኘኛል። ወንድወሰን። አበራ። አስፋወሰን። «የራስ ካሣ ልጆች» ብሎ ማለፍ አይበቃም። እያንዳንዳቸው የወሰኑት በየራሳቸው ነው፤ የሞቱትም በየራሳቸው ነው።

አራተኛው አሥራተ ካሣ ከወረራው ተርፈው በኋለኛው መንግሥት የኤርትራ ጠቅላይ ገዥ እስከመሆን ደረሱ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ከገደላቸው ባለሥልጣናት መካከል ናቸው። የእሳቸው ልጅ አስፋወሰን አሥራተ ይባላሉ፤ በጀርመን አገር የሚኖሩ የታወቁ ደራሲ ናቸው። ጀርመኖች «አሥራተ» ብለው ይጠሯቸዋል። ልብ አድርጋችሁ ተመልከቱ! አስፋወሰን ካሣ ፍቼ ላይ የተገደሉት አጎት ናቸው፤ አስፋወሰን አሥራተ የወንድም ልጅ። የመጀመሪያ ስማቸው አንድ ነው፣ ቤታቸው አንድ ነው፣ ሁለተኛ ስማቸው ግን ተለያየ። «ካሣ» የሚለው ስም በአንድ ትውልድ ውስጥ ከወረቀቱ ወጣ። ፈረንጅ ቢሆኑ ኖሮ አያት፣ ልጆችና የልጅ ልጅ ሁሉም በአንድ የቤተሰብ ስም ይጠሩ ነበር።

ይህን ካነሣሁ ስለ ውጭ አገር አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙዎቻችሁ በውጭ ዘመድ አላችሁ። የእህቴ ልጅ ባሕር ማዶ ሄዶ ወግ ማዕረግ አየ፣ ልጅ ወለደ። አንድ ሌሊት ደውሎልኝ «ጋሼ፣ ለልጄ ምን ዓይነት ስም ልስጥ?» አለኝ። የእሱ ሁለተኛ ስም የአባቱ ስም ነው። ቅጹ ላይ ያ ስም የቤተሰብ ስም ተብሎ ተመዝግቧል። ልጁም ያንኑ ይዞ ሊመዘገብ ነው። እንግዲህ ልጁ በአያቱ ስም ሊጠራ፣ የአባቱ ስም ሊዘለል ነው። ከመስመሩ ማዶ ድምፁ ተለወጠብኝ። «እኔ የት ሄድኩ?» አለኝ። መሃል ላይ ያንተን ስም አስገባለት አልኩት፤ አስገባለት።

ይህ የእኛ ቤት ነገር ብቻ አይደለም። ዓለም የሚያውቀውን፣ በካናዳ ቶሮንቶ የተወለደውን ዘፋኝ ተመልከቱ። ወጣቶቹ ፈገግ አላችሁ፤ ታውቁታላችሁ፣ ዘ ዊክንድ። ሙሉ ስሙ አቤል መኮንን ተስፋዬ ነው። ዓለም «ተስፋዬ» ይለዋል። ተስፋዬ ግን አያቱ ናቸው! ደሴ ውስጥ ተወልዶ ቢሆን ኖሮ ስም ሲጠራ «አቤል መኮንን!» እለው ነበር። አቤት ይል ነበር።

አሁን ወደ ሦስተኛው፣ የአባት ስም ወደሚደብቅብን።

የአባት ስም እናትን ይደብቃል። ይህን ጮክ ብዬ ልድገመው፤ የአባት ስም እናትን ይደብቃል። ወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤት የተማራችሁ እዚህ አላችሁ? ብዙ ናችሁ። ወይዘሮ ስኂን ማን ናቸው? የንጉሥ ሚካኤል ልጅ። ስኂን ሚካኤል። ልጅ ኢያሱ ሚካኤልም የንጉሥ ሚካኤል ልጅ ናቸው፤ ስለዚህ ስኂንና ኢያሱ በአባት እህትና ወንድም ናቸው፤ ስማቸውም ይናገራል። እስከዚህ ቀላል ነው። አሁን ደግሞ እቴጌ መነንን አስቡ። መነን አስፋው። አባታቸው የአምባሰሉ ጃንጥራር አስፋው። እናታቸውስ? ወይዘሮ ስኂን! የኢትዮጵያ እቴጌ የነበሩት፣ አዲስ አበባ ላይ በስማቸው የሴቶች ትምህርት ቤት የቆመላቸው መነን፣ የዚህች የደሴ ትምህርት ቤት በስማቸው የተጠራችላቸው የወይዘሮ ስኂን ልጅ ናቸው። እናት በደሴ ትምህርት ቤት፣ ልጅ በአዲስ አበባ ትምህርት ቤት! ሁለቱን ስሞች ጎን ለጎን ጻፏቸው፤ ስኂን ሚካኤል፣ መነን አስፋው። አንድ የሚያገናኝ ፊደል ታያላችሁ? የለም። ስንት የደሴ ተማሪ በዚያ ግቢ ተምሮ ይህን ሳያውቅ ወጣ!

በአትሌቶቹም ያው ነው። እጅጋየሁ ዲባባ፣ ጥሩነሽ ዲባባ፣ ገንዘቤ ዲባባ እህትማማቾች መሆናቸውን ስማቸው ይነግረናል። በባርሴሎና ኦሊምፒክ የወርቅ ሜዳሊያ የወሰደች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ደራርቱ ቱሉ የእነሱ የሥጋ ዘመድ መሆኗን ግን ስሟ አይነግረንም። ሁለት ብዙነሽ በቀለዎችን ሕዝብ ከአንድ ቤት ሊያወጣቸው ይችላል፤ ደራርቱንና ጥሩነሽን ደግሞ እንደ ባዕድ ሊያያቸው ይችላል። በስም ብቻ የሄደ ሁለቱንም ጊዜ ይስታል።

የእኛ ወሎ ደግሞ የራሱ ነገር አለው። ንጉሥ ሚካኤል ራሳቸው ክርስትና ከመነሣታቸው በፊት መሐመድ አሊ ነበሩ፤ የኢማም አሊ አባ ቡላ ልጅ። ከቦሩ ሜዳው ጉባኤ በኋላ ነው ሚካኤል የተባሉት። አይጠየፍ አዳራሽን ያሠሩት እኚሁ ናቸው። አንድ ሰው በሁለት ስም በታሪክ መዝገብ ውስጥ አለ፤ የማያውቅ አንባቢ ሁለት ሰው ያደርጋቸዋል። ዛሬም በየሰፈራችን ተመልከቱ። አባት መሐመድ፣ ልጅ ደምሴ። አባት ተሰማ፣ ልጅ ሰይድ። አንዱ ወንድም መስጊድ፣ ሌላው ቤተ ክርስቲያን፤ ሰርግና ለቅሶ ላይ አንድ ድንኳን። ከሌላ ቦታ የመጣ ሰው ስማችንን ሰምቶ ሃይማኖታችንን ልገምት ቢል ግራ ይገባዋል። እኔ በዚህ እኮራለሁ። በዚህ የማልኮራበት ቀን አይምጣ!

ይህ ውበታችን ግን መዝገብ ላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ትምህርት ቤቱን አልጠራም፣ የልጆቹንም ስም አልጠራም። በአንድ ክፍል ውስጥ በራሳቸውም በአባታቸውም ስም የሚመሳሰሉ ሁለት ልጆች ነበሩ። አንዱ የከተማ ልጅ ነው፤ ሌላው ከኩታበር በኩል መጥቶ ቤት ተከራይቶ የሚማር። የውጤት ካርዱ ሲወጣ የገጠሩ ልጅ መውደቁ ተጻፈ። ልጁ ምንም ሳይናገር ዕቃውን ጠቅልሎ አገሩ ገባ። አያችሁ፣ ድሃ ልጅ አይከራከርም። አለፈልኝ ብሎ የጠበቀው ሁሉ በአንድ ወረቀት ሲጠፋበት ዝም ብሎ ይሄዳል።

አባቱ ግን መጡ። ጋቢ የለበሱ፣ ዱላ የያዙ፣ ማንበብና መጻፍ የማይችሉ ገበሬ። መዝገብ ቤቱ በር ላይ ቆመው «ልጄ አልወደቀም፤ ያጠና ነበር» አሉ። በወቅቱ የነበረው ሠራተኛ ስሙን አይቶ «ይኸው ተጽፏል» ብሎ መለሳቸው። አልሄዱም። «ያ የእኔ ልጅ ስም አይደለም» አሉ። «ስሙ ነው፣ ያው» አላቸው። «አይደለም። ልጄ የእኔ ልጅ ነው፤ እኔ የእገሌ ልጅ ነኝ፤ እገሌ የእገሌ…» ብለው ቆመው እስከ ሰባት ቤት ቆጠሩ! ያን ጊዜ ነው እኔ ከውስጥ የወጣሁት። ሁለቱን ማኅደሮች አወጣን። በአንደኛው ላይ የአያት ስም አለ፣ በሌላው ላይ ቦታው ባዶ ነው። የፈተና ወረቀቶቹን አስመጥተን የእጅ ጽሑፉን አመሳከርን። የገጠሩ ልጅ ከክፍሉ ቀዳሚዎች አንዱ ነበር። ውጤቱ ተገላብጦ ነው የተጻፈው። አባትዬው ከሄዱ በኋላ ያንን ባዶ ቦታ ለረጅም ጊዜ ተመለከትኩት። አንዲት የአያት ስም ባለመጻፏ አንድ ልጅ ከትምህርት ገበታ ሊቀር ነበር።

ፊደል ያልቆጠሩት ገበሬ ያወቁትን፣ ፊደል የቆጠርነው እኛ እንዴት አጣነው?

እንግዲህ ልመናዬ ይህ ነው። ከእናንተ ውስጥ የምትጽፉ አላችሁ። ስለ ወሎ አዋቂዎች፣ ስለ መንዙማ ባለቤቶች፣ ስለ ድምፃውያን፣ ስለ አርበኞች በኢንተርኔት የምትጽፉ፣ ለትምህርት ቤት ክበብ የምታዘጋጁ፣ በዩኒቨርሲቲ ለመመረቂያ የምታጠኑ። ሰውየውን በሁለት ስም ብቻ አትተዉት። በወሎ ምድር ሰይድ መሐመድ ስንት ነው? አህመድ አሊስ? ይመር ሁሴንስ? ከመቶ ዓመት በኋላ የሚያነብ ልጅ የትኛው እንደሆነ በምን ይለያል? የአያቱን ስም ጻፉ። የእናቱን ስም ጻፉ፤ እናቲቱንም በራሷ ስም ከነአባቷ እንጂ «የእገሌ ሚስት» ብላችሁ አትጻፉ። የተወለደበትን ቀበሌና ወረዳ ጻፉ። ሌላ ስም ካለው፣ የክርስትና ይሁን የሼህነት ይሁን የፈረስ ስም ይሁን፣ እሱንም ጻፉ። ሴት ከሆነች በተለይ ተጠንቀቁ፤ የሴት ታሪክ ቶሎ ይጠፋል።

ለማን ትጽፋላችሁ? ለታዋቂው ብቻ አይደለም። በየሰፈራችሁ ያስተማሩ፣ ያዋለዱ፣ ያስታረቁ፣ ድልድይ ያሠሩ ሰዎች አሉ። ብዙዎቹ በሕይወት አሉ፤ ሄዳችሁ ጠይቋቸው። አያቶቻችሁን ጠይቁ። ዛሬ ማታ ጠይቁ፤ ነገ አትበሉ። እኔ በዕድሜዬ ነገ እጠይቃለሁ ያልኳቸውን ብዙ ሰዎች ቀብሬያለሁ።

በየወንበራችሁ ላይ አንድ ባዶ ወረቀት ተቀምጧል። አዘጋጆቹ እርሳስ ያድላሉ። ከጥያቄና መልሱ በፊት አንድ ሰው ምረጡና አምስት ነገር ጻፉልን፤ የራሱ ስም፣ የአባቱ፣ የአያቱ፣ የእናቱ ከነአባቷ፣ የተወለደበት ቦታ። ምን እንደሠራ በሁለት መስመር ከሥር ጨምሩ። የማታውቁት ካለ ቦታውን ክፍት ተዉትና ወረቀቱን ቤት ውሰዱት፤ ጠይቃችሁ ሞልታችሁ መልሱት። የተሞሉት ከዚህ በር አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ይሰበሰባሉ። አባቶቼ፣ ዓይን የደከማችሁ ካላችሁ ከጎናችሁ ላለው ልጅ ንገሩት፤ እሱ ይጻፍላችሁ። ልጆች፣ ሲነግሯችሁ አታቋርጧቸው።

አመሰግናለሁ። እሺ፣ እርሳሱ ከወዲያ በኩል ይጀመር።